ሜካኒካል ኪቦርድ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ አማርኛ እተይባለሁ። ሰሞኑን ስለ ሜካኒካል ኪቦርድ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስዊች የሚባል የራሱ መጫኛ ስላለው ኪቦርድ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ከሰዓት ለዚሁ ቁጭ ብያለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ቦርዱ ሆት ስዋፕ፣ ማለትም ስዊቹ በእጅ ተነቅሎ የሚቀየርበት፣ መሆኑን ሳታዩ ስዊች አትግዙ። ካልሆነ ስዊች መቀየር ማለት ብየዳ ነው።

የፖሊው፦ ጋሼ ሰላም። ቀይ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ የሚሉት ምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ቀለሙ የስዊቹን ጠባይ ነው የሚናገረው። ቀዩ ስትጫነው ሳያደናቅፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡኒው መሃል ላይ ጣት የሚያውቃት ትንሽ ጉብታ አለችው። ሰማያዊው ጉብታውም አለው፣ ቀጭ የሚል ድምፅም አለው። ቼሪ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቀይ ብንወስድ 45 ግራም ያህል ጉልበት ይበቃዋል። 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ፊደሉ ይመዘገባል፣ እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ነው። ዶርም ከሆንክ ሰማያዊ አትግዛ። የተኛ ሰው አለ።

ፔዳ፦ ቡኒ ምኑ ነው ጉብታ? ገንዘብ ማባከን ነው።

ዓባይ ማዶ፦ እኔ ሦስት ዓመት ጽፌበታለሁ። ጣትህ ደንዝዞ ከሆነ የስዊቹ ጥፋት አይደለም።

ተዉት ሁለታችሁም። ጣት የሚዳኘው ነገር በክርክር አያልቅም።

ሽምብጥ፦ የአማርኛ ፊደል የታተመበት የቁልፍ ቆብ ፈልጌ አጣሁ። ከየት ላግኝ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ተዪው እህቴ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በ26 ቆብ ላይ የቱን ታትሚዋለሽ? ብዙዎቻችን የምንጽፈው የእንግሊዝኛውን ፊደል በድምፁ እየነካን ነው። ኤልን ስትነኪ ል ይወጣል፣ ኢን ስታስከትዪ ለ ይሆናል፣ ዩን ካስከተልሽ ሉ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው አናባቢዎቹ ላይ ነው። የእኔን አሮጌ ኪቦርድ ብታዪው ኤ እና ኢ እንደተወለወለ ጫማ ያበራሉ። ቪ ግን ከካርቶን እንደወጣች ናት። ለኮፒ ፔስት ካልሆነ ማን ይነካታል?

ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪው። ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቆብ በጣት ወዝ ቶሎ ያብረቀርቃል። ፒቢቲ ብዙ ይቆያል። ጽሑፉም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ደብል ሾት ይሁን፣ ፊደሉ ራሱ ሌላ ፕላስቲክ ነውና አይለቅም።

ከአናባቢዎቹ ቀጥሎ ሥራ የሚበዛበት ሺፍት ነው። ጠ፣ ጨ፣ ኘ ያለ ሺፍት አይጻፉም። ጠን ለመጻፍ ሦስት ቁልፍ ነው፦ ሺፍት፣ ቲ፣ ኢ። የግራው ሺፍት ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ስታቢላይዘር የሚባል የሽቦ ድጋፍ አለው። ሽቦው ከተጣመመ ቁልፉ ቀኑን ሙሉ ይንቋቋል። እኔ ሽቦውን አውጥቼ መስታወት ላይ አስተኛዋለሁ። አንዱን ጫፍ በጣቴ ስጫን ሌላው ብድግ ካለ ጠማማ ነው። ቀስ አድርጌ አቀናዋለሁ፣ ከዚያ ጫፎቹን ወፍራም ቅባት አስነካቸዋለሁ። ይህንን ያደረግሽበት ርካሽ ኪቦርድ ካልተነካ ውድ ኪቦርድ ይሻላል።

ፔዳ፦ ለምን የራሳችን ኪቦርድ አይሠራም ታዲያ? አባቴ በአማርኛ ታይፕራይተር ነበር የሚጽፈው።

የፖሊው፦ እሱ እኮ ፊደሉን ቆራርጦ፣ ቅጥያ እየለጠፈ ነበር የሚጽፈው።

ፔዳ፦ ያም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጽፎበታል!

ከመንገድ ወጣን። ኪቦርዱ አማርኛም እንግሊዝኛም አያውቅም። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው የሚናገረው። ፊደሉን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ስዊች ገዝቼ አልገባ አለኝ።

ሆት ስዋፕ መሆኑን አይተሃል? ከሆነ፣ የገዛኸው ባለ 5 እግር፣ ቦርዱ ደግሞ ባለ 3 ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ቁረጥ። ብረቶቹን እንዳትነካ። ቀጥ ማለታቸውን ሳታይም አትግፋ፣ ይታጠፋሉ።

የፖሊው፦ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ስዊች ውስጥ ብጨምርስ?

አይሆንም። ቀጭን ነው፣ ይፈሳል። ክራይቶክስ 205 የሚባለውን ቅባት በቀጭን ብሩሽ፣ በስሱ። ሰማያዊውን አትቀባ፣ ድምፁ ይሞታል።

ጣና ዳር፦ ልጄ፣ ቤታችን ከሐይቁ ጥግ ነው። ማታ መብራት ስናበራ ትንኙ ኪቦርዱን ይወርሰዋል። ምን ላድርግ?

ጋሼ፣ መጀመሪያ የኪቦርዱን የራሱን መብራት ያጥፉት። ሲጨርሱ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። የገባውን ለማውጣት ቆቦቹን ነቅለው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይጠቧቸው፣ ቦርዱን ግን በደረቅ ብሩሽ ብቻ። ቆቦቹ በደንብ ይድረቁ። እኔ አንድ ክረምት ላያቸው ደረቀ ብዬ ገጠምኳቸው። ከሥር መሰኪያው ውስጥ ውሃ ቀርቶ ኖሮ ወደ ስዊቹ ወረደና ስፔስ ባሩ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታ ጀመር።

ሽምብጥ፦ በኬብል ወይስ በብሉቱዝ?

በኬብል።

ፔዳ፦ በቃ፣ የትኛው ኪቦርድ ጥሩ ነው?

ለምን? ለጌም? ለጽሑፍ? ስንት ብር ይዘህ? እንዲህ ብለህ ስትጠይቀኝ ምን ልበልህ? ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ና። ሦስቱም ዓይነት ስዊች አለኝ። በእያንዳንዱ «ጠጅ ጠጥቶ ጠገበ» ብለህ አሥር አሥር ጊዜ ጻፍ፣ ከዚያ እናወራለን። ሆት ስዋፕ መሆኑን ሳታይ ግን እስከዚያ ምንም እንዳትገዛ።