ለሕግ ትምህርት የፌዴራል ብድር ይበቃል?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ውስጥ በኦገስት 2026 የሕግ ትምህርት ትጀምራለች። ወጪው ኑሮን ጨምሮ በዓመት 78,000 ዶላር ነው። ከዚህ በፊት ለድኅረ ምረቃ ተበድራ አታውቅም። የፌዴራል ብድር ሁሉንም ይሸፍናል? የእኔስ ገቢ ይታያል?

መልስ፦ አይሸፍንም። የጎደለውን ይሞላ የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። አሁን ለሕግ ተማሪ የሚፈቀደው በዓመት እስከ 50,000፣ በድምሩ እስከ 200,000 ዶላር ነው። ትምህርቱን በትርፍ ሰዓት ከወሰደች ደግሞ የዓመቱ ጣሪያ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ቢያንስ 28,000 ዶላር ከሌላ ምንጭ ያስፈልጋታል። ቢያንስ ያልነው ብድሩ ሲለቀቅ ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ክፍያ ስለሚቆረጥበት ነው። ወለዱም ገና እየተማረች መቆጠር ይጀምራል።

ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ በራሷ ስም ትሙላ፤ የሕግ ተማሪ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር ለፌዴራል ብድር የእርስዎ ገቢ አይጠየቅም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ራሳቸው ለሚሰጡት ድጎማ የወላጅን ገቢ ይጠይቃሉ።

ወደ ባንክ ከመሄዷ በፊት ትምህርት ቤቱ የነፃ ትምህርት ድጋፉን እንዲጨምርላት በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ድጋፍ ከቀረበላት ደብዳቤውን ታያይዝ። የግል ብድር ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ እባክዎ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ እሷ ካልከፈለች ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።