መልስ፦ ልጄ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ክሬም ካልገዛሽልኝ አለችኝ

እህቴ፣ የ15 ዓመቷ ልጅሽ ፊት የሚያቀላውን ክሬም ግዢልኝ ብላ አላስወጣ አላስገባ አለችኝ ላልሽው፣ እባክሽ እንዳትገዢላት! አንዳንዶቹ ክሬሞች ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ነገር አለባቸው፣ እሱ ደሞ ኩላሊት ይጎዳል። ቪዲዮው ለሷ ማስታወቂያ አይመስላትም እኮ፣ የምትወዳት ቲክቶከር ናት መኝታ ቤቷ ቁጭ ብላ እየተቀባች የምታወራው፣ ተከፍሏት ይሁን አይሁን ልጅ በምን ያውቃል? አንዴ ቆም ብላ ካየችው ደሞ አልጎሪዝሙ፣ ማለት ቲክቶክ ውስጥ ምን እንደሚያሳያት የሚመርጠው ፕሮግራም፣ ወደደችው ብሎ ያንኑ እየደጋገመ ያመጣላታል፣ ስለዚህ ስልኩን ከምትነጥቂያት አብረሻት ቁጭ በይና ቪዲዮውን ጫን አድርጋ ይዛ "Not interested" (አልፈልግም) የሚለውን ትንካው፣ ሲመጣ ሁሌ እንደዛ ታድርግ። ደሞ ስለ መልኳ ማን ምን እንዳላት በቀስታ ጠይቂያት፣ የኔ ታናሽ እህት ክፍል ውስጥ "ጥቁሯ" እያሏት ነበር፣ እኛ ቤት ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።