ምጣድ ለምትሠሩ ወጣቶች፦ የጋጋሪዋን ክርን ለኩ

ውድ ወጣቶች፣

የቤት ዕቃ መሥራት ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ ዋቱና ዋጋው ነው። ዕቃው የማንን ወገብና ጉልበት እንደሚፈትን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አጥንት ግን ይመዘግባል። የአጥንት ተመራማሪዋ ቴያ ሞለሰን ሶርያ ውስጥ ከአቡ ሁሬይራ የወጡ ጥንታዊ አጽሞችን መርምረው በ1994 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ የእግር ጣት፣ የጉልበትና የወገብ ጉዳት ጎልቶ የታየው በሴቶቹ ላይ ነው፤ ተንበርክኮ እህል መፍጨት ያመጣው ነው። በእኛ አገር ወፍጮው ከፍ ባለ መደብ ላይ ሲተከል ጉልበት ያርፋል፣ መጁን የሚገፋው ወገብ ግን አያርፍም።

ያን ድካም የሞተር ወፍጮ አቀለለው። ምጣዱ ግን ጉልቻው ላይ ሰነበተ። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ በሲሚንቶና በፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተቀርጾ ምጣዱን ስለሚከብ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶ እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እንጨት ተሸካሚዋን በእርግጥ ጠቅሟል። የጭስ ማውጫ ቱቦ የሌለው ዓይነት ግን ጭሱን እዚያው ማድቤት ይለቀዋል። ማገዶ ስትቆጥሩ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባም ቁጠሩ። ቱቦ መግጠም ካልተቻለ ከምጣዱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር መተንፈሻ ክፈቱ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን አጥፍቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። 3.8 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ከ17 አምፔር በላይ ይስባል፤ የግድግዳው ሶኬት ግን 16 አምፔር ነው። መሰኪያው የሚቀልጠው ለዚህ ነው፤ ዲቫይደርማ ጭራሽ አይታሰብ። ከ20 አምፔር ብሬከር የተነሣ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ዘርጉ። ሊጥ በስንጥቅ ገብቶ ከምጣዱ ሥር ያለውን ጀሶ ያረጥባል፤ የረጠበ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጋጋሪዋ እጅ እርጥብ ነው፣ እግሯም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ የምድር ሽቦው ከብረቱ አካል ጋር በብሎን ይጥበቅ፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲም (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ) ይኑር። የተሰነጠቀ ምጣድ ለጥፋችሁ አትመልሱ፣ ቀይሩት።

ቁመቱን በራሳችሁ አትለኩ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ወንዶች ናችሁ። ጋጋሪዋ ቀጥ ብላ ቆማ ክርኗን ታጥፍ፤ ከወለል እስከ ክርን ካለው ልክ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቀንሱ። ክርኗ 98 ላይ ከሆነ የምጣዱ ገጽ ከ83 እስከ 88 ይውላል። ምጣዱ 60 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከሥሩ የእግር ጣት የሚገባበት 10 ሳንቲሜትር ካልተዋችሁላት ሩቁን ጠርዝ የምትደርስበት ጎንበስ ብላ ነው፣ ያውም እንፋሎት ላይ። የክዳኑን ማጠፊያ ከጎን አድርጉት፤ ከኋላ ሲሆን ስትከፍተው ትኩሱ ቀጥታ ፊቷን ያገኛታል።

ብረቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ብሎኬት ደርድሩ፣ ቀዝቃዛ ምጣድ አስቀምጡና በጣሳ ውሃ እያዞረች እንደ ሊጥ እንድታፈስ ጠይቋት። አንድ ሁለቴ ብቻ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ። በመካከሉ እጇ ወደ ወገቧ ከሄደ አንድ ብሎኬት ጨምሩ ወይም ቀንሱ።