እስከ መቶ መቁጠሩና ብዛት ማወቁ ለየቅል ናቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የክፍሌ ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ልጅሽ 5 ዓመቱ ነው፣ እስከ 100 ይቆጥራል፣ «ሦስት ብርቱካን አለህ፣ ሁለት ብጨምርልህስ?» ስትይው ግን ዐይን ዐይንሽን ያይሻል። አስጠኚ ልቅጠርለት ወይ ነው ያልሽው። 12 ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ፣ የሁለት ልጆችም እናት ነኝ። አትቅጠሪለት፣ ገና ነው።

እስከ መቶ መቁጠሩ እንደ መዝሙር ነው፤ ቃሉን ይዟል፣ ብዛቱን ግን ላይዝ ይችላል። ዛሬ ማታ ስምንት ባቄላ አስቆጥሪው። ሲጨርስ «እና ስንት ናቸው?» በይው። «ስምንት» ካለ ጥሩ። እንደገና ከአንድ ከጀመረ ግን የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ አልገባውም፤ መደመሩን ለጊዜው ተዪውና እዚያ ላይ ሥሪ።

እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ የቡና ሰዓት ነው። ሲኒ የማደል ሥራ የታናሿ ልጄ ነበር። «ዛሬ ስድስት ነን፣ ረከቦቱ ላይ አራት ሲኒ አለ፤ የጎደለውን አምጪ» እላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አንድ እያመጣች ትመላለስ ነበር፤ ዝም አልኳት። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም በጣቷ ቆጠረችና ሁለት ሲኒ ይዛ መጣች። «እንዴት አወቅሽ?» ስላት «ለአባባና ለአንቺ አልደረሰማ!» አለችኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ስትሳሳትም አልናገራትም፤ ሲኒ ያልደረሰው ሰው እጁን ሲዘረጋ ራሷ ታየዋለች።

«እንዴት አወቅህ?» የምትለዋን ልክ ሲሆንም ጠይቂው። ሲሳሳት ብቻ ከጠየቅሽው፣ በሰማት ቁጥር ተሳሳትኩ ብሎ መልሱን ይቀይራል። ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አብዛኞቻችን መልሱን ከአፋቸው የምንነጥቀው እዚህ ላይ ነው። በጣቱ ቢቆጥርም አትከልክዪው፤ ሲበቃው ራሱ ይተወዋል።

ሌላው የድብብቆሽ ጨዋታ ነው። አምስት ሽምብራ አሳዪውና ጥቂቱን በመዳፍሽ ጨብጠሽ «ስንት ደበቅኩ?» በይው። ተራ ተቀያየሩ፣ እሱም ይደብቅብሽ። ሲቀለው ወደ ስድስት፣ ወደ ሰባት ሂዱ። አምስት ማለት ሦስትና ሁለትም፣ አራትና አንድም መሆኑን ልጆቼ የያዙት በዚህ ነው። የብርቱካኑ ጥያቄሽም የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ገበጣም ጥሩ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ሲዞር እጁና አፉ አብረው መሄድ ይለምዳሉ። ሰሌዳ ከሌላችሁ ከእንቁላል ካርቶን ሁለት ረድፍ ቁረጪ።

ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ቢቆጥርም ቤት ውስጥ በአማርኛ ቁጠሩ። «አሥራ ሁለት» ሲል አሥርም ሁለትም ይሰማዋል፤ «ትዌልቭ» ሲል አሥሩን የት ያገኘዋል? አርባ ውስጥ አራት፣ ሃምሳ ውስጥ አምስት፣ ሰባ ውስጥ ሰባት አለ። ትልቁ ልጄ ይህን ያገኘ ቀን ቤቱን በሙሉ እየዞረ ለሁሉም ነገረ።

ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ተጫውታችሁ፣ አምስት ነገር አንድ በአንድ እየነካ መቁጠር አሁንም ካቃተው ግን ለመምህሩ ንገሪ፣ ዐይኑንና ጆሮውንም አስመርምሪለት። «ቁጥር አይገባውም» ተብሎ እኔ ክፍል የመጣ ልጅ ነበረ። ሰሌዳው አይታየውም ነበር።