የዓሣው ስም ብቻ አይበቃም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የባሕር ዓሣ ስለመግዛት የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ የተመናመነ ዓሣ መግዛት አልፈልግም። የሚገዛውንና የማይገዛውን በስም ዘርዝራችሁ ብታወጡልን ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዘዋለሁ።

መልስ፦ መዘርዘሩ አይከብድም። ችግሩ ዝርዝርም እንደ ዓሣ ቶሎ መበላሸቱ ነው። ኮድ የሚባለውን ዓሣ ይውሰዱ። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ለዘመናት ሲጠመድ የኖረው ኮድ ከመመናመኑ የተነሳ መንግሥት በ1992 ማጥመዱን አገደ። እገዳው የታሰበው ለሁለት ዓመት ሲሆን የቆየው ግን ከ30 ዓመት በላይ ነው። ይኸው ኮድ ራቅ ብሎ ከኖርዌይና ከሩሲያ በስተ ሰሜን ባለው በባሬንትስ ባሕር ተትረፍርፎ ለ2013 የተፈቀደው ኮታ 1 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። ያኔ «የባሬንትሱን ይግዙ» ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናፍር ነበር፤ የ2025 ኮታ ወደ 340 ሺህ ቶን ወርዷል። ወዲህ ደግሞ የአትላንቲክ ብሉፊን ቱና አለ። ኮታው ተቀንሶ ቁጥጥሩ ከጠበቀ በኋላ አገግሞ፣ በ2021 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ አውጥቶታል።

ስለዚህ ከስም ዝርዝር ይልቅ ሦስት ጥያቄ ይያዙ፦ ዝርያው ምንድን ነው? የት ተያዘ? በምን ተያዘ? ለሦስቱም መልስ ያለው ሻጭ ካገኙ ደንበኛ ያድርጉት።

ያም ሆኖ ዓይንዎን ሳያሹ የሚተዉዋቸው አሉ። የአውሮፓ ኢል (እባብ መሳይ ረጅም ዓሣ) ከ2008 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመዝግቧል። ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፤ መራባት የሚጀምረው ግን 20 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ አንዴ ከተመነጠረ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። ሻርክም ዘግይቶ የሚደርስና ጥቂት የሚወልድ ስለሆነ ከዚሁ ጋር ይደመር።

ጥያቄ፦ ማሸጊያው ላይ ቁጥርና ምልክት ይበዛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ መጀመሪያ የሳይንስ ስሙን ይፈልጉ፤ የገበያ ስም እንደ ሻጩ ይለዋወጣል። ቀጥሎ የተያዘበትን ቀጠና ይዩ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባሕሮችን በቁጥር ከፋፍሏል፤ 27 ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ፣ 37 ሜዲትራኒያን፣ 51 ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ነው። 27 ብቻውን ግን ከባሬንትስ እስከ ፖርቱጋል ዳርቻ ድረስ ስለሚሄድ ብዙ አይነግርዎትም። «27.4» ተብሎ ከተጻፈ የሰሜን ባሕር መሆኑን ያውቃሉ።

ሦስተኛው የማጥመጃው ዓይነት ነው። ዘንግና መንጠቆ ዓሣውን አንድ በአንድ ስለሚያወጣ ሌላ ፍጥረት እምብዛም አይነካም። የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተተው ትሮል መረብ ግን ያገኘውን ሁሉ ያፍሳል። ለሽሪምፕ (ትንሽ ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ) የሚጎተተው ደግሞ የዓይኑ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጫጩት ዓሣ አያሳልፍም። ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ የባሕር ወፍና ኤሊ ይይዛል፤ ወፎቹን የሚያባርር ጥብጣብ ሲታሰርበትና ሌሊት ሲጣል ጉዳቱ ይቀንሳል።

ስለ ምልክቶቹ፦ ሰማያዊው የኤም ኤስ ሲ ምልክት ሀብቱን በማይጨርስ መንገድ ከባሕር ለተጠመደ፣ የኤ ኤስ ሲ ደግሞ በጥንቃቄ ለረባ የእርባታ ዓሣ ነው። ሁለቱም በገለልተኛ መርማሪ የሚረጋገጡ ናቸው፤ የማይነጠቁም አይደሉም። የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ማኬሬል በ2019 የኤም ኤስ ሲ ፈቃዱ ታግዶበታል፤ አገሮቹ በኮታ ክፍፍሉ ሳይስማሙ ተደማምረው ከተመከረው በላይ ያጠምዱ ነበር። የቱና ጣሳ ላይ «ለዶልፊን ደኅና» የሚለው ጽሑፍ ስለ ዶልፊን እንጂ ስለ ቱናው ብዛት ምንም አይልም። «ለተፈጥሮ ተስማሚ» ብሎ ማን እንዳረጋገጠው የማይገልጽ ጽሑፍን እንደ ማስታወቂያ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ቤታችን የታሸገ ቱና አይጠፋም። መተው አለብን?

መልስ፦ አይተዉት፤ ይምረጡ። በዓለም ገበያ አብዛኛው የታሸገ ቱና ስኪፕጃክ (ካትሱዎኑስ ፔላሚስ) ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው መራባት ስለሚጀምር ከሌሎቹ ቱናዎች ይልቅ መጠመድን ይችላል።

እንከኑ ያለው በአያያዙ ነው። አጥማጆች ባሕር ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይጥላሉ፤ ዓሣ ጥላ ፍለጋ ከሥሩ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በከበባ መረብ ዙሪያውን ይዘጉታል። ከስኪፕጃኩ ጋር ገና ያልደረሱ የቢግአይና የቢጫ ክንፍ ቱና ጫጩቶች፣ ሻርክም ጭምር አብረው ይወጣሉ። ቢግአይ እንቁላል ሳይጥል የሚያልቀው በዚህ መንገድም ነው። ስለዚህ ጣሳው ላይ «በዘንግና በመንጠቆ የተያዘ» ወይም «ያለ ተንሳፋፊ ማባበያ የተያዘ» የሚል ይፈልጉ። «ቱና» ብቻ ብሎ ዝርያውን የዘለለውን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የእርባታ ዓሣ ከገዛሁ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት እገላገል የለም ወይ?

መልስ፦ እንደ ዓሣው ነው። ሙስልና ኦይስተር የሚባሉት ባለዛጎሎች ምግባቸውን ከውኃው ራሳቸው አጣርተው ስለሚበሉ ቀለብ አይቀርብላቸውም፤ ከሁሉ በፊት እነሱን እንመክራለን። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በአብዛኛው ከዕፅዋት በተሠራ መኖ ያድጋል። ሳልሞን ሥጋ በል በመሆኑ መኖው ውስጥ ከባሕር የተጠመዱ ትናንሽ ዓሦች ዱቄትና ዘይት ይገባል፤ ባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ሲረባም ቅማሉና እዳሪው ወደ ውጭ ይወጣል። ሽሪምፕ ከሆነ ኩሬው የተቆፈረው ማንግሮቭ ደን ተመንጥሮ እንዳይሆን የኤ ኤስ ሲ ምልክት ይፈልጉ።

አሳሳቹ ኢል ነው። «የእርባታ» ይባላል እንጂ በእርባታ ቦታ አስፈልፍሎ ለገበያ የሚያበቃ ስላልተገኘ፣ ጫጩቶቹ ከዱር ተለቅመው ነው የሚደልቡት።

ጥያቄ፦ ትልቅ ዓሣ ይሻላል ትንሽ?

መልስ፦ መካከለኛው። ትንሹ ገና አልወለደም። በጣም ትልቋ ደግሞ ዋናዋ እናት ናት፤ የ2 ኪሎ እንስት የምትጥለው እንቁላል ሁለት የ1 ኪሎ እንስቶች ከሚጥሉት ይበልጣል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ለናይል ፐርች ከ50 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር የሚል ገደብ የወጣው ለዚህ ነው። «ትንሽ ዝርያ አያልቅም» የሚባለውን ግን አይመኑ፤ የሰሜን ባሕር ሄሪንግ ከመመናመኑ የተነሳ በ1970ዎቹ መጠመዱ ተከልክሎ ነበር።

ጥያቄ፦ ፊሌቶ ስገዛ ሌላ ዓሣ እንዳልተሸጠልኝ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ቆዳው ከተገፈፈ በዓይን መለየት ይቸግራል። ሙሉውን ገዝተው እዚያው ያስበልቱ፤ ካልሆነ ቆዳው ያልተነሳለትን ይምረጡ። «ነጭ ቱና» የተባለ ቅባታማ ቁራጭ ካዩ ይጠንቀቁ፤ ኤስኮላር የሚባለው ዓሣ በዚህ ስም ይሸጣል። ሰውነት የማይፈጨው ሰም መሰል ዘይት ስላለው ያስቀምጣል፤ ጃፓንና ጣሊያን ሽያጩን ከልክለዋል።