የዓሣው ቫት የማን ነው? ከባሕር ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ስለ ቫትና ስለ ክልል ገቢ የገረማችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የታክስ ሕግ ሙያዬ ነው፤ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጣና ዳር ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ጥብስ በላሁ። ደረሰኙ ዋጋ 400፣ ቫት 15% 60፣ ጠቅላላ 460 ብር ይላል። ያቺ 60 ብር እዚሁ ትቀራለች ወይስ አዲስ አበባ ትሄዳለች?

መልስ፦ እሱን የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ማንነት ነው። ደረሰኙን ከላይ እየው። ባለቤቱ ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ክልሉ ሰብስቦ ይጠቀምበታል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ከሆነ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ገቢ ነው። የፌዴራል መንግሥት ድርጅት ከሆነ የፌዴራሉ ብቻ ነው። መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ናቸው።

ደግሞ 60ዋ ሁሉ አትገባም። ቤቱ ፍሪጅና ሳህን ሲገዛ 20 ብር ቫት ከፍሎ ከሆነ፣ እሱ ይቀነስለትና የሚያስገባው 40 ብቻ ነው። ዕቃው ከውጭ ከመጣ፣ ጉምሩክ ላይ የተከፈለው ቫት ቀድሞ ፌዴራል ካዝና ገብቷል።

ዓሣው ከጣና ወጣ፣ አንተም ባሕር ዳር በላኸው። ገንዘቡን የሚመራው ግን ንግድ ፈቃዱ ነው። ይሄ ልክ ነው ብዬ አላምንም። የፍጆታ ታክስ መከፋፈል ያለበት ፍጆታው በተፈጸመበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ክልሉ 15ን 12 ቢያደርግልንስ?

መልስ፦ አይችልም። ቫት በ1995 የሽያጭ ታክስን ሲተካ፣ ሕጉም ተመኑም የፌዴራል ሆነ። ጥቅም አለው፤ የወረታ ነጋዴ ከአዳማ ሲገዛ የከፈለው ቫት ያለ ጣጣ ይቀናነስለታል። ክልሎች ግን ከግለሰብ ነጋዴ የሽያጭ ታክስ የመጣል ሥልጣናቸው በተግባር ወደ መሰብሰብ ወርዷል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቫት ይመለከተኛል?

መልስ፦ በአዋጅ 1341/2016 መሠረት የግድ መመዝገብ ያለበት የዓመት ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነው። ከዚያ በታች ከሆኑ አይገደዱም፣ እናቴ።

ጥያቄ፦ የጋራ ገቢውን ማን ነው የሚያካፍለው?

መልስ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በአንቀጽ 62። ለረጅም ጊዜ ከድርጅቶች ቫት 70 በመቶው ለፌዴራል፣ 30ው ለክልሎች ነበር። ኋላ ተከልሶ የክልሎች ድርሻ ከፍ ብሏል። ደግ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላው ዓለምስ እንዴት ነው?

መልስ፦ አውስትራሊያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌዴራሉ ይሰበስባል፣ ገንዘቡ ለክልሎች ይከፋፈላል። እኔን የሚማርከኝ ግን የህንድ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሀገራዊ ታክስ ከመጀመራቸው በፊት የማዕከሉና የክልሎቹ የጋራ ምክር ቤት አቋቋሙ። የማዕከሉ ድምፅ አንድ ሦስተኛ፣ የክልሎቹ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ለውሳኔ ሦስት አራተኛ ያስፈልጋል። ማንም ብቻውን አያሳልፍም። ክልሎች ገቢ ለሚያጡበትም የአምስት ዓመት ማካካሻ ተሰጣቸው። እኛም ተመንና ከቫት ነጻ የሚደረጉ ዕቃዎች ሲወሰኑ ክልሎች እንዲህ ድምፅ ቢኖራቸው እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ ክልሉ በደንብ ከሰበሰበ ከፌዴራል የሚያገኘው ድጎማ አይቀነስበትም? እንዲያ ከሆነ ምን አደከመው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። የድጎማ ቀመሩ ግን የሚያየው ክልሉ ሊሰበስብ የሚችለውን አቅም ነው፤ የሰበሰበውን አይደለም። ሰነፍ ክልል ለስንፍናው አይደጎምም፤ ጎበዙም ተጨማሪ የሰበሰበው ለራሱ ይቀራል። ስለዚህ ደረሰኝህን ሳትቀበል አትውጣ።