የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጎረቤት አገሮች ባዮቴክኖሎጂን አብረው ሊቆጣጠሩ የሚችሉት እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ ሁለት ጎረቤታሞች ልውጥ ሕያዋንን (ዘረመላቸው በባዮቴክኖሎጂ የተለወጠ ሕያዋን ፍጥረታትን) በሚመለከት የየራሳቸው የደኅንነተ ሕይወት ሕግ አላቸው እንበል። አንዱ የፈቀደውን ሰብል ሌላው ይከለክላል። እያንዳንዱ በግዛቱ ውስጥ ሕጉን ካስከበረ መተባበር ለምን ያስፈልጋል? ትብብሩስ የመወሰን ሉዓላዊ ሥልጣንን አይሸረሽርም?
*(አንድ የሕግ ተማሪ)*

መልስ፦ ያነሡት ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን የደቡብ አሜሪካ ተሞክሮ ይመልስልናል። አርጀንቲና ፀረ አረም የሚቋቋመውን ልውጥ አኩሪ አተር እ.ኤ.አ. በ1996 ለእርሻ ፈቀደች። በብራዚል ግን የዚሁ ሰብል ፈቃድ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ለዓመታት ታግዶ ቆየ። ዘሩ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በኮንትሮባንድ እየገባ በደቡባዊው የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት ሰፊ ማሳ ሸፈነ። የብራዚል መንግሥት ከፊቱ ያገኘው ምርጫ የብዙ ሺህ ገበሬዎችን ምርት ማስወገድ ወይም የሆነውን መቀበል ነበርና፣ በ2003 ምርቱ እንዲሸጥ በጊዜያዊ ድንጋጌ ፈቀደ፤ ጉዳዩን በስፋት የሚገዛው የደኅንነተ ሕይወት ሕግ የወጣው በ2005 ነው። እንግዲህ ብራዚል ለብቻዋ የመወሰን ሥልጣኗን ማንም አልነካባትም፣ ነገር ግን ሥልጣኗን ሳትጠቀምበት ውሳኔው በማሳ ላይ ተወሰነ። ሉዓላዊነትን የሚሸረሽረው ትብብር ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ታሪክ የሚነግራቸው ተቃራኒውን ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ነገሩ የሚወሰነው ምን በጋራ፣ ምንስ በተናጠል እንደሚሠራ በመለየት ነው። የልውጥ ሕያው ቁጥጥር ቢያንስ ሁለት ሥራዎችን ይይዛል። አንዱ የሥጋት ግምገማ ነው፤ ይኸውም የገባው ዘረመል ምን ፕሮቲን እንደሚያመነጭ፣ ፕሮቲኑ መርዛማ ወይም አለርጂ ቀስቃሽ መሆን አለመሆኑን፣ ሰብሉ ከዱር ዘመዶቹ ጋር ሊዳቀል መቻል አለመቻሉን ማጣራት ነው። ሌላው ውሳኔው ነው፤ በዚህ ጊዜ አገሪቱ የገበያዋን፣ የገበሬዎቿንና የሕዝቧን ፍላጎት ትመዝናለች። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሳይንስ ጥያቄ ስለሆነ ሁለት አገሮች ሁለት ጊዜ ሊሠሩት አይገባም፤ ሁለተኛው ግን የፖለቲካ ምርጫ በመሆኑ ለጋራ ተቋም ሲሰጥ ስምምነቱ ራሱ ይሰናከላል።

አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ይህን መስመር በጥሩ ሁኔታ አስምረውታል። ከዘረመል ምሕንድስና የተገኘ ምግብ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱን የሚገመግመው የሁለቱ አገሮች የጋራ የምግብ ደረጃዎች ተቋም ሲሆን፣ የሚያወጣውም ደረጃ በሁለቱም ዘንድ ይሠራል። ሕያው የሆነውን ልውጥ ዘር ወደ አካባቢ ለመልቀቅ ግን አውስትራሊያ በ2000 ባወጣችው የዘረመል ቴክኖሎጂ ሕግ፣ ኒው ዚላንድ ደግሞ በ1996 ባወጣችው የአደገኛ ንጥረ ነገሮችና የአዳዲስ ሕያዋን ሕግ ለየብቻ ይወስናሉ። ምክንያታዊ ነው፤ የሰው ጨጓራ ባሕር ሲሻገር አይለወጥም፣ ዕፅዋቱና ነፍሳቱ ግን ይለወጣሉ። በየብስ የሚዋሰኑ አገሮች ደግሞ ከዚህም አልፈው መሄድ ይችላሉ። አንድ ዓይነት አፈርና ዝናብ ያለው የግብርና ቀጣና ድንበሩን አቋርጦ የሚዘልቅ ከሆነ፣ በአንደኛው በኩል በተከለለ ማሳ የተገኘ የሙከራ ውጤት ለሌላኛው በኩል የማያገለግልበት ምክንያት የለም።

የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) በ2014 የተቀበለው ፖሊሲም ይህንኑ ሐሳብ ይዟል፤ የሥጋት ግምገማው በቀጣናው ደረጃ በጋራ ይካሄድና የመፍቀድ ወይም የመከልከል ሥልጣን በየአባል አገሩ እጅ ይቆያል።

ያለ ውል የሚመጣ ትብብርም አለ። አርጀንቲና ድርቅን የሚቋቋመውን ልውጥ ስንዴ በ2020 ስትፈቅድ፣ ዋነኛ የስንዴ ደንበኛዋ ብራዚል እስክትቀበለው ድረስ ለገበያ እንዳይውል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ብራዚል በ2021 ዱቄቱ እንዲገባ ፈቀደች፤ አርጀንቲናም በ2022 የመጨረሻውን ፈቃድ ሰጠች። ይህን ያደረገችው በስምምነት ተገድዳ ሳይሆን ገዢዋን እንዳታጣ ነው። ጎረቤቱ ገዢ ባይሆን ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር? ለዚህ ነው በገበያ ፍርሃት ብቻ መተማመን የማይበቃው።

ጥያቄ፦ በአንድ አገር የተፈቀደ ሰብል የአበባ ብናኙ ወይም ዘሩ ድንበር ተሻግሮ ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው?
*(የዘር ጥራት ተቆጣጣሪ)*

መልስ፦ በ2000 ጸድቆ በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የካርታኼና ፕሮቶኮል (ልውጥ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ደኅንነትን ለመጠበቅ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት)፣ ሳይታሰብ ድንበር ሊሻገርና ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ልውጥ ሕያው መለቀቁን ያወቀ አባል አገር ሊነካ የሚችለውን አገር እንዲያሳውቅና እንዲመክር ያስገድዳል። በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ከሆነም፣ ተጎጂው አባል አገር ዕቃው የተነሣበት አገር በራሱ ወጪ እንዲመልሰው ወይም እንዲያስወግደው ሊጠይቅ ይችላል። ስለ ጉዳት ኃላፊነት የሚናገረው የናጎያ-ኳላ ላምፑር ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በ2010 ተቀባይነት አግኝቶ በ2018 ሥራ ላይ ውሏል። ይሁንና እነዚህ የሚያስሩት አባላቱን ብቻ ነው። ቀደም ሲል ከጠቀስናቸው ጎረቤታሞች ብራዚል የካርታኼናው አባል ስትሆን አርጀንቲና ፈርማ አላጸደቀችውም።

ስለዚህ ፕሮቶኮሉ ራሱ የሚፈቅደው፣ የጥበቃ ደረጃውን ዝቅ የማያደርግ የሁለትዮሽ ስምምነት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ልውጥ ሰብል የሚያመርቱ አባል አገሮች ከ2017 ጀምሮ፣ እርሻው ወደተከለከለበት ጎረቤት ብክለት እንዳይሻገር በጠረፍ አካባቢ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ይህን አንቀጽ ማንም ጎረቤታም ሊወስደው ይችላል። እኔ ግን ከአንቀጽ ይልቅ ላቦራቶሪውን አስቀድማለሁ። አንደኛው ላቦራቶሪ ከጭነቱ ብዙ ናሙና ወስዶ ጥቂት ልውጥ ፍሬ ሲያገኝ፣ ሌላው በጥቂት ናሙና ከዚያው ጭነት ምንም ካላገኘ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረው ጭነቱ ጠረፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። የናሙና አወሳሰዱ፣ የመመርመሪያ ዘዴውና ማነጻጸሪያው ናሙና አንድ እስካልሆነ ድረስ ተጠያቂውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ በዘር እየተላለፈ ራሱን የሚያሠራጭ ለውጥ የተደረገባቸው ትንኞችስ በዚሁ ሥርዓት ይስተናገዳሉ?
*(የሕክምና ተማሪ)*

መልስ፦ ጂን ድራይቭ በሚባለው በዚህ ዘዴ ከላይ ያስቀመጥኩት ክፍፍል አይሠራም። ሰብልን ድንበር ውስጥ ለማቆየት መሞከር ይቻላል፤ እዚህ ግን መሠራጨቱ የዘዴው ዓላማ ስለሆነ፣ ሳይታሰብ ለተሻገረ ነገር የተጻፈ የማሳወቅ ግዴታ አይመጥነውም። አንድ አገር ሲለቅ በተግባር ለጎረቤቱም ወስኗል። በዚህ ጉዳይ ግምገማው ብቻ ሳይሆን ውሳኔውም የጋራ መሆን አለበት፤ ትንኙ ሊደርስባቸው የሚችሉ አገሮች ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ክፍት የመስክ ልቀት በፊት፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ መስጠት ይኖርባቸዋል።